ድንጋይ ላይ የታቀፈች ጅግራ

እልፍነሽ ሰኞ ዕለት ድንጋይ ላይ የሳለቻት ጅግራ ማክሰኞ ጠዋት አራት እንቁላል ጥላ ታቅፋ ተገኘች። እንቁላሎቹም እንደ እሷው በቅባታም እርሳስ የተሳሉ ነበሩ።

እልፍነሽ አሥራ ስምንት ዓመት ወፍ ስትስል ኖራለች፤ ድንጋይ ላይ የተሳለው ወረቀት ላይ የሚታተምበት የድንጋይ ህትመት ግን ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። በግንቦት፣ ሊወለድ አንድ ወር የቀረው ልጇ ሞቶባት ከሐኪም ቤት ባዶ እጇን ከተመለሰች ወዲህ አላለቀሰችም። ደንዝዛለች። ትምህርቱንም የጀመረችው እህቷ ስላስመዘገበቻት ነው።

መምህሩ ጋሽ ኅሩይ መነጽራቸውን አውልቀው እንቁላሎቹን አዩ። ድንጋዩ የጋራ ስለሆነ አርብ ስዕሉ እስኪጠፋ በአሸዋና በውሃ ተሞርዶ ለተረኛው እንደሚሰጥ፣ የሚሞርደውም ራሱ የሳለው ሰው እንደሆነ አስታወሷት። ተረኛው በረከተአብ፣ እስከዚያ ጠብሰን እንብላቸው አለ። ማንም አልሳቀም።

«ጅግራ እኮ ሃያ ሦስት ቀን ትታቀፋለች» አለች እልፍነሽ።

«ድንጋዩ ያለው ሦስት ቀን ነው» አሉ ጋሽ ኅሩይ።

ረቡዕ ጅግራዋ ድንጋዩ ላይ አልነበረችም። ድንጋዩ በጣም ይቀዘቅዛል። እንቁላሎቹ ብቻቸውን ቀርተዋል።

የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ድንጋዩን በባዶ እጅ አለመንካት ነው፤ የእጅ ወዝ ይሰርግና አብሮ ይታተማል። እልፍነሽ ይህን ደብተሯ ላይ ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች። ቀኝ መዳፏን እንቁላሎቹ ላይ አሳርፋ ክፍሉ እስኪዘጋ ተቀመጠች። ሐሙስም እንዲሁ።

አርብ ጋሽ ኅሩይ ድንጋዩን አርጥበው፣ ቀለም ቀብተው አንድ ወረቀት አተሙ። የወጣው መዳፍ ብቻ ነው፤ ከሥሩ እንቁላል የለም።

«አበላሸሽው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ድንጋዩን በሻካራ አሸዋ፣ ከዚያም በደቃቅ ሞረደችው። እጇን ስትታጠብ የመዳፏ መስመሮች ጠፍተው ነበር። ቆዳው እንደ ድንጋዩ ልሙጥ ሆኗል፤ ቢቆነጥጡት አይሰማውም፤ ግን ይሞቃል። ጋሽ ኅሩይ የሱፍ ጓንት ከመሳቢያ አውጥተው ሰጧት፤ ብርድ እንዳታስመታው ብቻ ነገሯት።

ሃያ ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ዋለ። በረከተአብ ያንኑ ድንጋይ ይዞ የወንዝ ዳር ሣር ይስላል። እልፍነሽ ጓንቱን አውልቃ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ቀስ እያለ ያንኳኳል።

በረከተአብ እርሳሱን አስቀመጠ።

መዳፏ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ተሰነጠቀች። ቀጥሎ ሌላ። በረከተአብ በሳለው ሣር መካከል፣ እሱ ያልሳላት ጅግራ አንገቷን አስግጋ ታዳምጥ ነበር።