የቆረበ ሰው አይተፋም

ስልኩ ሲጠራ ወልደኪዳን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መውጣቱ ነበር። ከባለቤቱ ከፅጌረዳ ጋር ጎን ለጎን ቆርበው፣ ቅዳሴ ጠበላቸውን ጠጥተው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንኳ ያን ዕለት አልተሰማውም።

"አቶ ወልደኪዳን? የት ደረሱ? ፈተናው አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል።"

"የምን ፈተና?"

"የወይን ጠጅ ቅምሻው ነዋ!"

"እሱማ ግንቦት ዐሥራ ስምንት..."

"ዛሬ አይደል እንዴ ዐሥራ ስምንት?" ሴትዮዋ ወረቀት አገላበጠች። "ውይ! በፈረንጅ ነው እኮ የጻፍነው።"

ቀኑ ግንቦት ዐሥር ነበር። ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ወልደኪዳን የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው። በዲቁናው ዘመን ቤተልሔም፣ የቁርባኑ መሥዋዕት በሚሰናዳበት ቤት፣ ዘቢብ እያጠበ ይዘፈዝፍና ይጨምቅ ነበር። ያ ሽታ ከአፍንጫው ወጥቶ አያውቅም። ኋላ ደብረ ብርሃን ሆቴል ገብቶ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተናግድ፣ ጠርሙስ በከፈተ ቁጥር ቡሹን ሳያሸት አያስቀምጥም። "አንተ አስተናጋጅ ነህ አነፍናፊ?" እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታ ብቻውን ተማረ። ይሄ አልበቃው ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ለወይን ጠጅ ቅምሻ ትምህርት በሚኒባስ አዲስ አበባ ተመላለሰ። ይህን ፈተና ካለፈ የከተማው ኮሌጅ በሰኔ መምህር አድርጎ ይቀጥረዋል። ከወደቀ ቦታው የሌላ ሰው ነው። አርባ ስድስት ዓመት ለሞላው ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ በር ሁለቴ አይከፈትም።

"ወልዴ፣ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?" አለች ፅጌረዳ።

ነገራት። በድንጋጤ ደረቷን ያዘች።

"በስመ አብ! ቅምሻ ማለት ያ እየቀመስክ ሳፋዬ ላይ ስትተፋው የከረምከው አይደል?"

"እሱ ነው።"

"ዛሬ እንዴት አድርገህ ትተፋለህ? ቆርበህ!"

የንስሐ አባታቸው አባ ገብረመንፈስቅዱስ ከኋላ ደረሱ። ሰምተው መቋሚያቸውን ተደገፉ።

"መትፋትማ አይሆንም፣ ልጄ።"

"ብውጠውስ፣ አባቴ?"

"ስንት ብርጭቆ ነው?"

"ስድስት። ከየአንዱ ጉንጭ ጉንጭ።"

አባ ነጠላውን አፉ ላይ አስተካከሉለት። "አልከለክልህም። ግን ዛሬ የተቀበልከው አልበቃህም?"

ወልደኪዳን ከድንጋዩ ተነሣ። ባልና ሚስቱ ፈተናው ወደሚሰጥበት ሆቴል በባጃጅ ከነፉ።

ስልክ የደወለችለት ፈታኝ ሥርጉት የምትባል የአዲስ አበባ ሴት ናት። ሌሎቹ ሁለት ተፈታኞች በየፊታቸው ስድስት ብርጭቆና መትፊያ ባልዲ ተደርድሮላቸው ተቀምጠዋል። ፅጌረዳ በረንዳው ላይ ቀረች።

"ዛሬ መቅመስ አልችልም" አለ ወልደኪዳን።

"አመመዎት?"

"ቆርቤያለሁ።"

ሥርጉት ነጠላውን አየች፤ ባልዲውን አየች፤ ያኔ ገባት። እጇ ወደ አፏ ሄደ። "ወይኔ ጉዴ! እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ግን እኮ ግማሹ ነጥብ የቅምሻው ነው።"

"በማሽተቱ ግማሽ ልፈተን።"

አንዱን ብርጭቆ አንስቶ አሽከረከረ። አሸተተ፣ አስቀመጠ፣ የወይኑን ዓይነት ጻፈ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እስከ አምስተኛው እንዲሁ አደረገ። ስድስተኛውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ሲያሸተው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከመቀመጫው ተነሣ።

"ምነው?" አለች ሥርጉት ደንግጣ።

"ይሄ ከእሸት ወይን አልተጠመቀም። ፍሬው መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ደርቋል። ዘቢብ ነው።" ብርጭቆውን ዳግም አሸተተ። "አገሩን አላውቅም። አሠራሩን ግን አውቃለሁ።"

የሥርጉት እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። ያን ጠርሙስ ከባሕር ማዶ ያመጣችው ራሷ ነበረች፤ በትምህርቱ ውስጥም የለም። እስከዚያ ቀን ቀምሶ እንኳ የለየው ተማሪ አልገጠማትም።

ነጥቡን ደምራ ወረቀቱን አዞረችለት። "ሃምሳ ከሃምሳ። እንዲህ ያለ ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ማለፊያው ግን ስልሳ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንዴ ብቻ ጎንጨት ይበሉ። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።"

"እርስዎ ቢያዞሩ..." አለና ፈገግ አለ። በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ።

ሥርጉት አንገቷን ደፋች። "ጥቅምት ላይ ሌላ ፈተና አለ።"

"ኮሌጁ እስከዚያ አይጠብቀኝም። ቢሆንም ይመዝግቡኝ። ቀኑን ግን በእኛ አቆጣጠር ይጻፉልኝ።"

ሥርጉት ሳቅ ቢያመልጣትም ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ወንበሯን ጎትታ ስድስተኛውን ብርጭቆ ወደ እሱ ገፋች። "እስቲ ዘቢቡ የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝ።" ሁለቱ ተፈታኞችም ተጠጉ።

ወልደኪዳን በአንድ እጁ ነጠላውን አፉ ላይ እንደያዘ፣ በሌላው ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አሽከረከረ።

"መጀመሪያ እንዳትጠጡት" አለ። "ዝም ብላችሁ ጠብቁት፤ እሱ ራሱ ይመጣል።"

ፅጌረዳ በመስኮት አጮልቃ አየች። ባሏ ቆሟል፤ ፈታኟ ከነተፈታኞቹ አንገታቸውን አቅንተው ያደምጡታል። ፈተናውን አለፈ፣ መምህር ሆነ አለች በሆዷ።

"እልልልል!"

ሥርጉት ደነገጠችና አለማለፉን ልትነግራት ብድግ አለች። ወልደኪዳን እጁን አነሣ።

"ይተዉአት" አለ። "ትጨርስ።"