«እናቴ፣ ይቀመጡ»

ወንድሜ ከሁለት ዓመት በኋላ ቤታችን የመጣ ዕለት በሩን ሲያንኳኳ እማዬ «እሱ ነው» አለች። እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር «እሱ ነው» ትላለች። ለቆሻሻ ሰብሳቢውም፣ ለመብራት ቆጣሪ አንባቢውም «እሱ ነው» ብላ ፀጉሯን ታስተካክላለች። ስለዚህ ከስፌቴ ቀናም አላልኩ። የዚያን ቀን ግን እውነትም እሱ ነበር፤ ከረባት አስሮ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ።

የመጣው ለእኔ እንጂ ለእሷ አልነበረም። እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይታዘዘኝም። የምሄድበት ተሽከርካሪ ወንበር የፊት ጎማው ተሰብሮ ከስፌት ቤቱ ከቀረሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር፤ አሠሪዬም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣሽ የስፌት መኪናሽን ለሌላ እሰጣለሁ ብላ ልካብኛለች። ወንድሜ ደግሞ የአንድ የበጎ ሥራ ክበብ ጸሐፊ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሆቴል ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ይበላሉ፣ ደወል ይደውላሉ፣ ለድሃ ያዝናሉ። በቅርቡ «ለማይራመዱት እንራመድ» የሚል ካናቴራ ለብሰው የእግር ጉዞ አድርገው፣ በተገኘው ገንዘብ አምስት ተሽከርካሪ ወንበር ገዝተዋል። ለመኪናው አራት ጎማ የሚገዛ ወንድሜ ለእኔ የሁለት ጎማ መግዣ አያጣም ነበር፤ ግን የራስን ኪስ ከመንካት የክበብ ወንበር መስጠት ይቀላል።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። በክበቡ ደንብ የአባል ዘመድ እርዳታ አያገኝም። ወንድሜ ይህን ሲነግረን አላፈረም። ለነገሩ እንዲህ ያለች እህት እንዳለችው ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚደበቀው ነገር አስቀድሞ ተደብቆ ነበር። ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያነብ መጻፍ አይችልም።

«አባት፦ በሕይወት የለም። እናት፦ በሕይወት የለችም። ወንድም፦ የለም። አብሮ የሚኖር ዘመድ፦ የለም፤ ጎረቤት ትረዳታለች።»

ጎረቤቷ እማዬ ናት። በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራይተናል፤ በሩ ለየብቻ ስለሆነ ውሸቱ ተመቻችቶ ተገኘለት። እማዬ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሞቷን አዳመጠች። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ወንበሩ በሚሰጥበት ቀን አንተም ትኖራለህ ወይ አለችው። ጸሐፊ ስለሆንኩ ግዴታዬ ነው አላት።

«እንግዲያማ ሞቻለሁ» አለችና ሳቀች።

እኔስ? እኔ እሺ አልኩ። ጻድቅ መስዬ መታየት አልፈልግም፤ ወንበሩን ፈልጌዋለሁ። ስፌት ቤት የሚያውቁኝ ሰዎች ስለ ምላሴ «መርፌ» ይሉኛል። የዚያን ቀን ግን መርፌዋ ቀዳዳዋ እንደተደፈነ ዝም አለች።

ማክሰኞ ደረሰ። መራመድ ለማይችሉ ሰዎች ወንበር የሚያድሉበት አዳራሽ የት ቢሆን ጥሩ ነው? ፎቅ ላይ፣ ያለ አሳንሰር። ሃያ ሁለት ደረጃ ነው። በአንድ በኩል ዘበኛው፣ በሌላ በኩል እማዬ ተሸክመው አወጡኝ። እማዬ በየአምስት ደረጃው ቆም እያለች ትተነፍሳለች፤ ወንድሜ ከላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። በአጠገባችን ሲያልፍ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለን። ለሁሉም የሚለው ነው።

ሊቀመንበሩ፣ መድኃኒት ቤት ያላቸው ወፍራም ሰውዬ፣ ደወሉን መትተው ፎርሜን አነበቡ። «እናት፦ በሕይወት የለችም» ሲሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ «ውይ» አሉ። እማዬም በር አጠገብ ቆማ ከንፈሯን መጠጠች። ለራሷ ሞት ከንፈሯን የመጠጠች እናት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይህኔ ወንድሜ ከመዝገቡ ቀና ብሎ አያት፤ ተነሣ፣ ወንበር ሳበላት።

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አላት።

ቤት ውስጥ እኮ «እማዬ፣ ተቀመጪ» ነው። «እናቴ፣ ይቀመጡ» አውቶቡስ ውስጥ ለማናውቃት ሴትዮ የምንላት ነው። ቆሽቴ አረረ። እማዬ ግን «እግዜር ይስጥህ» ብላ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ በራ።

ከዚያ አንሥተው አዲሱ ወንበር ላይ አኖሩኝ። ፎቶ አንሺው ፈገግታዬ አልመጣም ብሎ አስወርዶ ሁለተኛ አስቀመጠኝ። የወንበሩ መደገፊያ ላይ የክበቡ ስም ከእኔ ጀርባ ሰፍቶ በቢጫ ተጽፏል። መጨረሻ ላይ ሊቀመንበሩ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ክበባችን ሌላ ምን ያድርግልሽ?» ይህ ለወጉ ያህል የሚጠየቅ ነው፤ መልሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ ከዚያ ኬክ ይመጣል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለት ሰዎች እንደዚያ ብለው ኬካቸውን በልተዋል።

«አንድ ነገር አለኝ» አልኩ። «እንደሰማችሁት ወንድም የለኝም። ጸሐፊያችሁ ፎርሙን ሲሞሉልኝ ደግ ሰው መሆናቸውን አይቻለሁ። በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ እኔንም እኚህን ጎረቤቴንም ቢጠይቁን፣ ወንድም እንዳገኘሁ እቆጥረዋለሁ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዲት ሴት እንባዋን በናፕኪን ጠረገች። ሊቀመንበሩ እዚያው እጅ አስወጡ፤ ጸሐፊያችን ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በጠቅላላው ሃያ አራት የበጎ ፈቃድ ሰዓት ተባለ። ሃያ አራት ሰዓት የሞላ አባል የወርቅ ቀለም ባጅ ያገኛል። ወንድሜ ውሳኔውን በገዛ እጁ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። እሰይ፣ የታባቱ አልኩ። ያን ሁሉ ያደረግሁት እሱን ላቃጥል እንጂ ለእማዬ አስቤ አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ ከኋላ እየገፋችኝ ነበር።

«ሰማሽው? እናቴ አለኝ እኮ» አለች።

«ለአትክልት ሻጯም እንደዚያው ነው የሚላት» አልኳት።

እስክንደርስ ድረስ አንገቷን ደፍታ ገፋችኝ። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች የሚሉት እኔን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሜ መጣ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ማምሻውን። የመጀመሪያው ሳምንት ከፎቶ አንሺው ጋር፣ ከዚያ በኋላ ብቻውን። እማዬ ከሰኞ ጀምራ ወለል ታጥባለች፣ መጋረጃ ታወርዳለች። እሱ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስልኩን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። አንዴ አምፖል ቀየረልን፤ እሱንም «የቤት ጥገና» ብሎ መዘገበው። ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ ወረቀቱን ያወጣና «ምስክር» የሚለው መስመር ላይ ያስፈርማታል፤ ከስሟ ጎን «ጎረቤት» የሚል በኮምፒውተር ተጽፏል። እማዬ አጭር ፊርማ ነበራት። በሦስተኛው ሳምንት ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ መጻፍ ጀመረች፤ ፊደል በፊደል፣ እያንዳንዱን እየደጋገመች። እሱ ቆሞ ቁልፉን ያንቀጫቅጫል።

በሰባተኛው ሳምንት አልጋዋ ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ሁለት ሰዓቱ አለፈ፤ ልቀሰቅሰው ስጠጋ እማዬ በዓይኗ ገረፈችኝ። ጫማውን አውልቃ እግሩ ሥር ተቀመጠች። ከመጣ ሦስት ሰዓት ሊሆነው ሲል ነቃና፣ «እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለ። ከዚያ ነገሩ ገባው፤ ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም ብሎ ተቆጥቶ፣ ሻዩን ሳይጠጣ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ አስፈርሞ ሄደ። እማዬ ያቺን «እማዬ» አንድ ወር ሙሉ አወራችልኝ። እኔም አንድ ጊዜ እንኳ አላሾፍኩባትም፤ ይህ ይጻፍልኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አስፈረመ፣ «እናመሰግናለን» አለ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በአሥራ ሦስተኛው ማክሰኞ እማዬ ወለሉን አጥባ ጠበቀች። በአሥራ አራተኛውም። በአሥራ አምስተኛው ሻዩ ሲቀዘቅዝ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰዓቱ ሞላለት እንዴ?» አለችኝ።

ታሟል ማለት እችል ነበር። ሥራ በዝቶበት ነው ማለትም አይከብድም። «ሞላለት። ባጁንም አግኝቷል» አልኳት።

አላለቀሰችም። ሳምንት ያህል አሰበችና ከስፌት ቤት ስመለስ በሬ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ያ ፎርም የት ይገኛል አለች። ሆቴሉ መግቢያ ላይ ተቆልሎ ይቀመጣል፣ ምን ያደርግልሻል አልኳት። እርዳታ ለሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ጸሐፊው ቤቱ ድረስ ሄዶ ያጣራ የለም ወይ አለችኝ። እኔ የጀመርኩትን ዘዴ እሷ እስከ መጨረሻው ይዛው እንደሄደች ያን ጊዜ ገባኝ። አመጣሁላት። እሷ እየነገረችኝ እኔ ሞላሁ። የምትጠይቂው ምንድን ነው ስላት መነጽር በይ አለች፤ ዓይኗ እኮ መርፌ ላይ ክር ያስገባል። የልጆች ብዛት የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«የለኝም በይ» አለች።

«እኔስ?»

«አንቺንም ተዪኝ። ዘመድ ካለ አይመጣም አይደል?»

ጻፍኩት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ ያን ቀን ግን እኔና ወንድሜ የጻፍነው ቃል አንድ ነበር።

ከክበቡ ለማጣራት የሚመጡበት ማክሰኞ ጠዋት እማዬ ለክት ያስቀመጠችውን ቀሚስ ለበሰች። እኔ ከክፍሌ እንዳልወጣ አዘዘችኝ፤ ወንበሬ ላይ ያለው ቢጫ ጽሑፍ ነገር ያበላሻል። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። በሩ ተንኳኳ፤ «እሱ ነው» አለች ለራሷ። ከፈተች። የመጣችው አንዲት ወጣት ሴት ነበረች፤ አዲሷ ጸሐፊ ነኝ አለች።

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ ወረቀት ተገለጠ። ልጅቷ ትሑት ናት፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ይቅርታ እየጠየቀች ነው የምትጠይቀው። ባልዎ? ሞቷል። ዘመድ? የለኝም።

«ይቅርታ፣ ልጅስ አልወለዱም?»

ሲኒ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። እኔ ጎማዬን በሁለት እጄ ጨብጬ ይዣለሁ። ወንበሬን ገፍቼ መግባት፣ ይኸው አለኋት ማለት እችል ነበር፤ አልገባሁም።

«አልወለድኩም» አለች።

ከዚያ፣ እንደ ዋዛ፣ የፊተኛው ጸሐፊ ደህና ናቸው ወይ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ በደስታ መለሰችላት፤ ደህና ናቸው፣ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ፣ ከእንግዲህ ቤት ለቤት አይዞሩም። እማዬ እልል ማለት ነበረባት፤ ልጇ ተሾሟል። ለባዳ የሚበቃውን ያህል ብቻ አለች።

«እንኳን ደስ ያላቸው በይልኝ። ጎረቤቲቱ ናት ያለችው በይ።»

«እሺ፣ እናቴ፣ እነግራቸዋለሁ» አለቻት ልጅቷ።

ሸኝታት ስትመለስ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ሁለት ሲኒ ሻይ ቀርቦ አንዱ ብቻ ተጠጥቷል። እማዬ የክት ቀሚሷን ቁልፍ አንድ በአንድ እየፈታች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ይቺም እናቴ አለችኝ» አለች።