ቦርሳ እይ፣ ፊት አትይ

የሰደበችኝ ኢሪት ናት፤ በሯን የምጠብቅላት ሴት። ቀኑ እሑድ ነበር፣ በፈረንጅ 2002፣ የፑሪም በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ዝናብ ይዘንባል። ሦስት ሴቶች ጃንጥላቸውን እያራገፉ በሩ ሥር ቆመዋል፤ ረዳቷ ሲጋል ደግሞ ቁልፍ ይዛ ደረጃው ላይ ነበረች። በእነሱ ፊት ነው ያለችኝ።

«አንተ ቦርሳ እይ፣ ፊት አትይ።»

ሲጋል ሳቀች። ከሦስቱ ሴቶች ሁለቱ ሳቁ። ሦስተኛዋ ከጃንጥላዋ ጋር ስትታገል አልሰማችም መሰለኝ፤ ብትሰማ እሷም ትስቅ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ደግሞ የምረሳበት ምክንያት አይታየኝም። በዘጠና አንድ፣ ከአገራችን መጥተን ከአውሮፕላን በወረድን በሦስተኛው ቀን፣ ዳቦ የሚያድለው ሰውዬ እጄን በመቆንጠጫው ገፋ ያደረገብኝን አስታውሳለሁ። ደመቀ፣ የገዛ ያገሬ ልጅ፣ በስግድ በዓላችን ሽማግሌ በተቀመጠበት «የበር ሰው መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት» ብሎ ያሳቀብኝንም አስታውሳለሁ፤ ዘጠና ስምንት ነበር። የኢሪት ግን ከሁሉም ይለያል። እነዚያ ያለ ነገሬ ነው የነኩኝ። እሷ የሰደበችኝ ለሰው በጎ ላደርግ ብዬ አፌን ስከፍት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነቢያት ጎዳና፣ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና መታጠፊያው አጠገብ፣ አንድ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ። ጊዜው አውቶቡስና ቡና ቤት የሚፈነዳበት ጊዜ ነው፤ ሰው ቦርሳው ሳይፈተሽ የትም አይገባም። ምድር ቤቱ ላይ የጥርስ ሐኪም አለ፣ ፎቁ ላይ የኢሪት የፊት ማከሚያ። ሴቶች ይወጣሉ፣ ሴቶች ይወርዳሉ። ቀን ሙሉ የቆመ ሰው ሳይወድ ይማራል። እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ ግን ማን ምን ተደርጎላት እንደወረደች ከበሩ ሆኜ አውቅ ነበር። ጥልቅ ጽዳት የተደረገላት አፍንጫዋ ዙሪያ ነጥብ ነጥብ ብሎ ቀልቶ ትወርዳለች። ቆዳዋ ደርቆ ማርጠቢያ የተለጠፈላት ፊቷ እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። ፒሊንግ የሚሉት ደግሞ አለ፤ የላይኛውን ቆዳ በአሲድ የሚልጥ። እሱን ያስደረገች ቲማቲም መስላ ነው የምትወርደው፤ ኮፍያ አድርጊ፣ ፀሐይ እንዳይነካሽ ተብላ። ነጮቹ በሳምንት ይድናሉ፣ ያምርባቸዋልም። አልዋሽም።

ደስታነሽ ግን አልዳነችም። ደስታነሽ በኢትዮጵያ ጎዳና፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የእንግዳ ክፍሎች የምታጸዳ ያገራችን ሴት ናት። እሷ ክርስቲያን እኔ አይሁዳዊ ብንሆንም «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ አጥናፉ» ሳትል በሩን አታልፍም። ከዚያ እሑድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ኢሪት ልትወጣ መጣች። ቦርሳዋን ከፈትኩ። ከነጠላዋ ሥር ነጭ ቱቦ፣ ቀይ ክዳን። ሴቶቻችን ቤት ለቤት ከሚዞሩ ነጋዴዎች የሚገዟት ፊት የምታቀላ ቅባት ናት። ቆዳውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እንደምታሳሳው ያኔ አላውቅም ነበር። ደስታነሽ ፒሊንግ አስደርጋ ወረደች። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ አለፈች። ሰላም አላለችኝም። ነፋሱ ገለጥ ሲያደርገው ጉንጯን አየሁት፤ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

ሰንበትን ሙሉ አሰብኩበት። ቱቦዋንም ጉንጯንም ያየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሑድ ጧት ኢሪት ስትገባ፣ በዚህ በተሰባበረ ዕብራይስጤ፣ ያች ሴት እንዲህ ያለ ቅባት ቦርሳዋ ውስጥ ነበራት፣ ፊቷም ተበላሽቷል፣ የእኛን ሰዎች ከመንካትሽ በፊት ምን እንደሚቀቡ በአፍሽ ጠይቂያቸው አልኳት። መልሷን ነግሬያችኋለሁ። በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ አውቃለሁ። ድምፅ ግን አለ። ለውሻ የሚሰጥ ድምፅና ለሰው የሚሰጥ ድምፅ በየትም ቋንቋ ይለያል።

የምመልስላት ቃል ማታ ወደ ሰፈሬ፣ ወደ ፒስጋት ዘኤቭ፣ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ መጣልኝ። «እኔ ፊት የማላይ ዘበኛ ብሆን አንቺ ዛሬ በሕይወት የለሽም።» እውነት ነው፤ ዘበኛ አስቀድሞ የሚያየው ፊት ነው፣ በላብ የተጠመቀውን፣ ዓይኑ የሚሸሸውን። ቦርሳ ኋላ ነው። ይችን መልስ ዓመት ከሦስት ወር እንደ ቢላ ስሳላት ኖርኩ። ኢሪት በየጧቱ «ሻሎም» ስትለኝ ምላሴ ጫፍ ድረስ ትመጣና እውጣታለሁ። ሰው ይሰብሰብ እላለሁ። ሰው ፊት የሰደበችኝን ሰው ፊት ነው የምመልስላት።

በ2003፣ የሻቩዖት በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ልጄ የምስራች መጣች። ሠርጓ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የምታገባው ኤራንን ነው፤ ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ፣ ክፉ ልጅ አይደለም። አብራት የመጣችው እኅቱ ሚካል ናት፤ የፊት ማከሚያውንም የመረጠችው እሷ። የምስራች የት እንደምቆም ጠይቃኝ አታውቅም፤ በሩ ላይ ስታየኝ እግሯ ተያዘ። ሚካል እኔን አታውቀኝም፤ ከቤተሰቡ እስካሁን ያየሁት ልጁንና ወላጆቹን ብቻ ነው። አባትሽ ምን ይሠራል ስትባል ልጄ «በጸጥታ ዘርፍ» ትላለች አሉ፤ ኮሎኔል እንዲመስል። እሷም «አባቴ ነው» አላለችም፣ እኔም «ልጄ» አላልኩም። እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሁን ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

የሚካልን ቦርሳ አየሁ። ቀጥዬ የልጄን ከፈትኩ። ነጭ ቱቦ፣ ቀይ ክዳን። ግማሹ አልቆ ከታች ተጠቅልሏል።

ከክረምቱ ወዲህ ፊቷ ፈካ ማለቱን አይቼ ነበር። እናቷ የሙሽራ ወዝ ነው ብትለኝ አመንኩ።

«አባ፣ ዝጋው» አለችኝ፤ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። አማርኛ የምታናግረኝ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ስትፈልግ ብቻ ነው።

ዘጋሁት። ወደ ፎቁ ወጡ።

ከላይ የሚሆነውን ሳላየው በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሴቶቹ በሩ ላይ ሲያወሩ ስሰማ ኖሬ። መጀመሪያ ወረቀት ያስሞላሉ፤ ቆዳሽ ደረቅ ነው ወይስ ወዛም፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ፣ ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ። ከዚያ በማጉያ መብራት ያያሉ፣ ያጥባሉ፣ ከዚያ ብሩሹ ይመጣል። ሃያ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ልጄ እዚያ ወረቀት ላይ «ምንም» ብላ እንደጻፈች አጠገቧ የቆምኩ ያህል ታወቀኝ። የባሏ እኅት ጎኗ ተቀምጣ፣ ፊቴን ላቀላ እቀባለሁ ብላ የምትጽፍ ሙሽራ የለችም።

ብናገር አዋርዳታለሁ። ዝም ብል የደስታነሽን ጉንጭ ይዛ ልትዳር ነው። በሩን መልቀቅ ደግሞ መባረር ነው፤ በዚያ ዘመን ማንም የማይከራከርበት። ዓመት ሙሉ ያልሰማችኝ ኢሪት አናደደችኝ። የእናቷንና የእኔን መልክ በቱቦ የምታጥብ ልጄ አናደደችኝ። «የሙሽራ ወዝ» ያለችኝ ሚስቴም አልቀረችም። በራሴ ብቻ አልተናደድኩም፤ እኔ ተናግሬ ነበር።

የብረቱን በር ስቤ ቆለፍኩት። ጉንጩ ያበጠ አንድ ሰውዬ የጥርስ ቀጠሮ አለኝ እያለ ከውጭ ይደበድበዋል። ትቼው ወደ ፎቁ ወጣሁ።

የምስራች ጸጉሯ በነጭ ጨርቅ ታስሮ ተጋድማለች። ሲጋል ጎድጓዳ ሳህንና ብሩሽ ይዛለች፣ ሚካል ወንበር ላይ መጽሔት ታገላብጣለች። ኢሪት መጀመሪያ የጠየቀችኝ በሩ ላይ ማን አለ ብላ ነው። ማንም የለም፣ ይችን ልጅ ፒሊንግ እንዳታደርጓት አልኳት። ሙሽራዋ ራሷ መርጣለች፣ ወረቀቷም ንጹሕ ነው፣ ውረድ አለችኝ። ሲጋል ብሩሹን ነከረች። ኢሪት ለሚካል ፈገግ ብላ፣ እንደ ቀልድ፣ ያችኑ ደገመቻት።

«ስንት ጊዜ ልንገርህ? አንተ ቦርሳ እይ።»

«ቦርሳዋን አይቼ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ቦርሳው አልጋው እግር ሥር ነበር። ከፈትኩና ቱቦዋን አውጥቼ መብራቱ ሥር አኖርኳት። ሚካል ከመቀመጫዋ ተነሣች። ቱቦዋን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው።

«ይኸ ሰውዬ ማነው ቦርሳሽን የሚከፍተው?»

የምስራች ዓይኗን ጨፈነች።

«አባቷ ነኝ» አልኩ።

ከታች በሩ አሁንም ይደበደባል። ኢሪት ቱቦዋን አንሥታ ጀርባዋን አነበበች። ማጉያውን ስባ የልጄን ጉንጭ በጣቷ ጫፍ ጫን፣ ለቀቅ እያደረገች ብዙ አየች። ከዚያ ለሲጋል ሳህኑን ድፊው አለቻት። ለልጄ የነገረቻትን እኔም ቆሜ ሰማሁ። ይኸ ቆዳ አሲድ አይችልም፣ ለወራትም አይችልም፤ ዛሬ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ጨርቅና የሚያበርድ ቅባት ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም። ቱቦዋን በምን መንገድ እንደምትተዪ የቆዳ ሐኪም ይንገርሽ፣ ወረቀት ላይ ደግሞ ሁለተኛ እንዳትዋሺ። ይኸን ሁሉ ስትል አንዴም ወደ እኔ አልዞረችም። ሚካል መጽሔቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ልጄን ከእግሯ እስከ ራሷ፣ እንደ አዲስ ሰው ታያት ነበር።

ስወርድ ባለ ጥርሱ ሰውዬ በሩ ላይ በተጻፈው ስልክ ደውሏል። የጥበቃ ኩባንያው አለቃ ኤሊያሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሞተር ሳይክል ደረሰ። ሬዲዮውንና ሰደርያውን ተቀበለኝ። ለምን ለቀቅህ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም ኖሮ አልነግረውም፣ ይስቅ ነበር።

ቦርሳዬን ሳነግት የምስራችና ሚካል ወረዱ። ኢሪትም ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ተከትላቸዋለች። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ የጥርስ ቀጠሮ የሚጠብቁ አሉ፣ ወደ ኢሪት የሚወጡ አሉ፣ ኤሊያሁም አለ። ዓመት ከሦስት ወር የጠበቅሁት ቀን እንዲህ ነበር በሐሳቤ።

«ፊትም ታያለህ ለካ» አለችኝ ኢሪት፤ ደስ ብሏት፣ ሰው እየሰማት። «ሥራ ከሌለህ አንድ ቀን ና፣ ያንተንም በነጻ ላጽዳልህ። አገጭህ ላይ የምላጭ ሽፍታ ሞልቷል።»

ሰዎቹ አገጬን አዩ። ኤሊያሁም አየ። መልሴ ተስላ፣ ተወልውላ፣ ምላሴ ላይ ቁጭ አለች። አፌን ከፈትኩ።

የምስራች ቀደመችኝ። በዕብራይስጥ ነው የተናገረችው፣ ሚካል እንድትሰማ።

«አባ፣ ቦርሳዬን ማየት ሥራህ ነው። መናገሩ ግን ሥራህ አልነበረም። በሠርጌ ቀን በሩ ላይ እንዳትቆም።»

በእኛ ወግ እንግዳውን በሩ ላይ ቆሞ የሚቀበል የሙሽራዋ አባት ነው። ይኸን ታውቃለች። አማርኛዋ ቢደክም፣ ይኸን ከእናቷ ሰምታ ታውቃለች።

አየኋት። ጉንጯ እርጥብ ነበር፣ ከቀዝቃዛው ጨርቅ ይሁን ከሌላ አላውቅም። አልቀላም፤ አንድ ነጥብ እንኳ የለበትም። ለኢሪት የያዝኩት መልስ ለእሷ አይሆንም፤ ለእሷ የሚሆን ደግሞ አልሳልኩም። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩና በኢትዮጵያ ጎዳና፣ በረጅሙ የድንጋይ አጥር ሥር፣ ሳልዞር ሄድኩ።