የፖኒራ ፊርማ

ፖኒራን ሰዎች ሲያነሷት «ያቺ ቴምፔ ሻጯ» ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጎኗ ተቀምጬ ኮኮናት የሸጥኩ ሴት ነኝ፤ ስለ እሷ ስናገር ማንም እንዲያርመኝ አልፈልግም።

«ከፑህ» የሚባለው ገበያችን ዛሬ የለም። በቦታው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል፤ ደረጃው በኤሌክትሪክ ይሄዳል ይላሉ፣ ሲሄድ ያየ ግን የለም። ያኔ ገበያችን የሚደምቀው በየአምስት ቀኑ፣ ዋጌ በምንለው ቀን ነበር። ሴቶች ቅርጫታቸውን አዝለው ከየመንደሩ ገና ጎህ ሲቀድ ይገቡ ነበር። እርጥብ የሙዝ ቅጠል፣ እርድ፣ ደረቅ ዓሣ፣ የተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሸታል። ትልቁ የከፑህ ዛፍ ከላያችን ነው። ፍሬው እንጨት ነውና አናቷ ላይ የወደቀባትን ሴት «ሹመት ወረደልሽ» እያልን እንስቅባት ነበር። ያ ሽታ ዛሬ ቢመጣልኝ አለቅሳለሁ። ኧረ ሳይመጣም አለቅሳለሁ።

ፖኒራ በሁሉ ነገር ቀዳሚያችን ነበረች። ቀድማ ትመጣለች፣ ቀድማ ታነጥፋለች። በቅጠል የጠቀለለችውን ቴምፔ፣ ያቺን ከአኩሪ አተር የምትሠራትን፣ ደርድራ ስትጨርስ ነበር እኛ ዕቃችንን የምንፈታው። ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ደብዳቤ ሲመጣልን ታነብልናለች፣ ፎርም ሲሰጠን ትሞላልናለች። እሷ ያደረገችውን ካደረግን አንሳሳትም ብለን እናምን ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ፣ እኛም እንደዚያው ነን።

አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት ጥሪ መጣ። ፖኒራ «ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የነጋዴ ልጅ ሆኜ ማዘጋጃ ቤት ጠርቶኝ አያውቅም» እያለች የኢድ ልብሷን አወጣች። ሁላችንም አጊጠን ሄድን። በሩ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ።

«የመጣ ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርም፤ ካርቶኑ የሚሰጠው በስም ነው» አለችን ጸሐፊዋ።

ፖኒራ ቀድማ ፈረመች። እኔ ቀጠልኩ። መጻፍ የማይችል በአውራ ጣቱ አተመ። ሥልሳ አንድ ሆንን። የወረቀቱ አናት ባዶ ነበር። ማን ልብ ይላል? ዓይናችን ካርቶኑ ላይ ነው። ዶሮ የገባበት ሩዝ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ አንድ ቁራጭ ኬክ፣ ኦቾሎኒ፣ ጣፋጭ ሻይ።

ኃላፊው ፓክ ሃርዶዮ ይባላል፣ ፓክ እኛ ዘንድ አቶ እንደማለት ነው፤ ካኪ ለባሽ፣ ድምፁ ቅቤ የሆነ ሰው። ገበያው እንደሚያረጅ፣ ከተማ እንደሚያድግ፣ ፎቅ ላይ መነገድ ለጤና ጥሩ እንደሆነ ነገረን። «ይህ ሐሳብ ለመለዋወጥ ያህል ነው» አለ። ከዚያ «ቅሬታ ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

እኛ አገር የሰው ምግብ እያኘኩ «እንቢ» አይባልም። ነውር ነው። ሁላችንም አቀረቀርን። እጁን ያነሳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ቶፉ የምንለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው ፓክ ሳሪጆ።

«ቅሬታ አለኝ» አለ፤ «ቤት የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ካርቶኑ ግን አንድ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሃርዶዮም ስቆ ሁለተኛ ካርቶን ሰጠው። እንዲህ ነበር ያመሸነው። ደስ ብሎን ወደየቤታችን ሄድን።

በሁለት ወሩ ዛፉ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ፖኒራ አነበበችልን። ገበያው ከኢድ በኋላ ይፈርሳል፤ ቦታ የሚሰጠው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ «ሥልሳ አንዱም ነጋዴዎች በፊርማቸው ተስማምተዋል።» ከሥሩ ያው ወረቀት ተያይዟል። ባዶ የነበረው አናቱ አሁን ተሞልቷል። የመጀመሪያው ስም ፖኒራ።

አንብባ ጨረሰች። እኔ ዝም ማለት መቼ አውቄ።

«ዩ ፖኒራ» አልኳት፤ ዩ ማለት እኛ ዘንድ እትዬ እንደማለት ነው፤ «ለካ ፊደል የተማርሽው እኛን ልትሸጪበት ኖሯል።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉ በአንድ ጠዋት ገበያውን ዞረ። ቴምፔዋን የሚገዛት ጠፋ። እኔም ምንጣፌን ሰብስቤ ወደ ዓሣ ሻጮቹ ዞርኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ከጎኗ የቆየሁት ሴትዮ! ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ናት። ጠዋት ትመጣለች፣ ትደረድራለች፣ ማታ ያልተሸጠውን ይዛ ትመለሳለች።

ያልተለያት ሳሪጆ ብቻ ነበር። የቶፉ ባልዲውን ከጎኗ አስቀምጦ፣ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ ይናገር ነበር። «እሷ በአንድ ካርቶን ሸጠችን ካላችሁ እኔ በሁለት ነው የሸጥኳችሁ። እኔን አኩርፉኝ እንጂ፣ ውዱ እኔ ነኝ።»

ማን ሰማው። በወሩ ቶፉውን እያጠበ ደረቱን ይዞ ወደቀ፣ ሞተም። ቀብሩ ላይ እንኳ እኔና ፖኒራ ተራርቀን ቆምን።

ሌሎቻችን አቤቱታ አጻፍን። መልሱ በአንድ መስመር መጣ፦ «በጽሑፍ ተስማምታችኋል።» ፖኒራ ብቻዋን ሃርዶዮ ዘንድ ሄዳ ስሟን ከዚያ ወረቀት እንዲያወጣላት ለመነችው። ሻይ ጋበዛት፤ ስለ ጤናዋ ጠየቃት፤ ስሟን ግን አላወጣም። ስሜ ይውጣ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም ብላ እንደወጣች ጸሐፊዋ ኋላ ነገረችን።

ከዚያ ነው ነጭ የለበሰችው።

አያቶቻችን በደል ሲበዛባቸው የሚያደርጉት ነገር ነበር። ነጭ ለብሶ፣ በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ፣ በቀትር ፀሐይ መቀመጥ። አይጮህም፣ አይለመንም። ፀሐይ ላይ የተቀመጠን ሰው ገዢው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የማስጠየቅ ግዴታ ነበረበት። በኛ ዘመን ንጉሥ የለም፤ ቤተ መንግሥቱም የአውራጃው ገዢ ጽሕፈት ቤት ሆኗል። ፖኒራ ግን ሁለቱ ዋርካዎች መካከል፣ ጥላቸው የማይደርስበት ቦታ መርጣ ተቀመጠች።

ዘበኛው መጥቶ «ምባህ» አላት፤ ልጅ እግር ነውና አያቴ ማለቱ ነው፤ «እዚያ ጥላ አለልዎት።»

«ጥላ አጥቼ የመጣሁ መሰለህ ልጄ?» አለችው።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ሳቀባት። በሁለተኛው ቀን ከንፈር መጠጠላት። በሦስተኛው ቀን ኮኮናት እየፈቀፈቅሁ ነበር፤ ፀሐይዋ ደመና የላት፣ አናት ትበሳለች። እጄ አልሠራ አለኝ። እንዴት ነው ፖኒራ እዚያ ተቀምጣ እኔ ጥላ ሥር የምሸጠው? መፈቅፈቂያውን ጣልኩት። ነጭ ልብስ ስላልነበረኝ የሶላት ልብሴን ለብሼ ሄድኩ፤ ከኋላዋ ተቀመጥኩ።

ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «ውኃ ይጠጡ» አልኳት፤ አንቺ ስላት ከርሜ ያን ቀን አንቱ አልኳት።

«ሱታርሚ» አለችኝ፤ «አንቱታው ለሃርዶዮ ይሁን። ውኃውን ወዲህ በዪው።»

በአራተኛው ቀን አርባ ሴቶች ሆንን። ነጭ ልብስ ከየት ይምጣ፤ ግማሹ የሶላት ልብስ፣ ግማሹ የባሏ ሸሚዝ፣ ሚርጡ የምትባለዋ ቅመም ሻጭ አበባ የተጠለፈበት የጠረጴዛ ልብስ ለብሳ መጣች። በዚያ ሁሉ ፀሐይ ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን።

ቀትር ላይ ሃርዶዮ ከጽሕፈት ቤቱ ወጣ። እኛ ዘንድ ከተቀመጠ ሰው በላይ ቆሞ መናገር ብልግና ነው፤ ስለዚህ በዚያ ካኪ ሱሪው ፖኒራ ፊት ቁጢጥ አለ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ምባህ፣ ገዢው አዝነውልዎታል» አላት። «የእርስዎ ስም ይሰረዛል። ዛሬውኑ። ተነሥተው ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

የምትፈልገው እሱን ብቻ ነበር። ብትነሣ ማን ይፈርድባታል? እኛ ነን የምንፈርድባት?

«ከእኔ በታች የፈረሙት የእኔን አይተው ነው» አለችው ፖኒራ። «እኔ አልቀድምም። የእነሱን መጀመሪያ ሰርዙ፣ የእኔ መጨረሻ ይሁን።»

ሃርዶዮ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። አመሻሹ ላይ ውሳኔ ይዞ መጣ። ፊርማውን ማንሳት የፈለገ ሁሉ መታወቂያውን ይዞ፣ ራሱ በአካል ቀርቦ፣ በገዛ እጁ ይሰርዝ፤ ጊዜው አሥር ቀን ነው።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ሄጄ ሰረዝኩ። እሷ በየቀኑ በሩ ላይ ተቀምጣ፣ የሚገባውን ሰው በስሙ እየጠራች ትቆጥር ነበር። የፈሩ ነበሩ፤ ቤታቸው ድረስ ሄዳ አባብላ አመጣቻቸው። በአሥረኛው ቀን ሃምሳ ዘጠኝ ስም ተሰረዘ። ተራው የእሷ ሆነ። እስክሪብቶውን አነሣች፤ እኛ በመስኮት እናያለን።

«አንድ ይቀራል» አለ ሃርዶዮ ወረቀቱን እያየ። «ሳሪጆ።»

የሳሪጆ ሚስት እዚያው ነበረች። «ሞቷል እኮ» አለችው። «እኔ ልሰርዝለት።»

«ደንቡ በአካል ነው የሚለው፣ እናቴ። አዝናለሁ።» እንደሚያዝን ፊቱ ይናገር ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ደንብ የያዘው ሰው ነው።

የሞተ ተጎዳ ይባላል። ፖኒራ እስክሪብቶውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በመስኮቱ አንገቴን አስገብቼ ለመንኳት። «ዩ ፖኒራ፣ ሰርዢው እንጂ። አራት ቀን ሙሉ የተቃጠልሽው ለዚህ አይደል?»

«ለዚህ ነው» አለች።

«ታዲያ?»

«ሰውየው ሌላ ካርቶን ጠየቀ እንጂ ገበያው ይፍረስ አላለም። እኔ ከወጣሁ ገበያውን የሸጠ እሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁላችሁም ስታኮርፉኝ እሱ አጠገቤ ነበር፤ ዛሬ ብቻውን እንዴት ጥዬው እሄዳለሁ? የሚጠይቅ ቢመጣ በእሱ ፈንታ የምመልስ እኔ ነኝ።»

የሳሪጆ ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ፖኒራ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ በነጋታው ቴምፔዋን ደረደረች። ምንጣፌን ወደ ቦታው መለስኩ። በሁለት ሰው ፈቃድ ገበያ አይፈርስምና ነገሩ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ ሌላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዛፋችን ሥር ነገድን። ከሕይወቴ መልሰሽ ኑሪው ብባል የምመርጠው ያንን ዘመን ነው።

ፖኒራ በእርጅና ሞተች። ዘመኑም ተለወጠ፤ አሁን ሕዝብ በድምፅ ማጉያ የሚናገርበት ስብሰባ ይጠራል። የገበያው ነገር እንደገና ሲነሣ አንድ ወጣት ኃላፊ የድሮውን ፋይል አምጥቶ አዳራሹ ፊት ከፈተ።

«በዚያን ጊዜ እንኳ» አለ ፈገግ ብሎ፣ «ዕድገትን የደገፉ ሁለት ነጋዴዎች ነበሩ፤ ወይዘሮ ፖኒራና አቶ ሳሪጆ። በጭብጨባ እናመስግናቸው።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ተነሣሁ። ማጉያውን ከሚያዞረው ሰው እጅ ነጠቅሁ፤ ካርቶኑን ነገርኳቸው፣ ፀሐዩን ነገርኳቸው፣ እስክሪብቶው እንዴት ተመልሶ እንደተቀመጠ ነገርኳቸው። «ፊደል የተማርሽው ልትሸጪን ነው ያልኳትም እኔ ነኝ» አልኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ያልተናገርኩት ነገር ነበር። ለራሷ አንድ ቀን ይቅርታ ሳልላት ነው የሞተችው።

ወጣቱ ደነገጠ። «ምባህ፣ ምን እናድርግ ታዲያ?»

«አልተስማሙም ብለህ ከስማቸው ጎን ጻፍ።»

«ሟቾች ናቸው። መዝገብ የምናርመው ባለቤቱ ቀርቦ ሲጠይቅ ነው።»

ያው ደንብ። ቀስ ብዬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ከእነዚያ ሁሉ የተሰረዙ ስሞች መካከል የእኔም አለ፣ በገዛ እጄ የሰረዝኩት። ሁለቱ ብቻ ንጹሕ ናቸው፤ የእሷ ከላይ፣ የእሱ ከታች።

«እስክሪብቶ ስጠኝ» አልኩት።

«ምን ሊጽፉ ነው?»

«ከነሱ ጋር ሦስተኛ እገባለሁ። አሁን በእነሱ ፈንታ የሚመልስ ሕያው ሰው አለ፤ መጥታችሁ እኔን ጠይቁኝ።»

ሰጠኝ። ከሳሪጆ በታች ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ።