የአሥራ አራት ቁጥር ባለቤት

እኛ ቤት ስም አይሠራም። አልጋው በቁጥር ነው፣ የጫማው መደርደሪያ በቁጥር ነው፣ የምግብ ካርዱም የጤና ዶሴውም በቁጥር ነው። በክለቡ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ አርባ ልጅ ያድራል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ማሊያቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስሙን የማላውቀው ልጅ ሞልቷል፣ ቁጥሩን የማላውቀው ግን የለም። ማን ካልሲውን ወለል ላይ ጥሎ እንደሄደ በሽታው እለያለሁ ብል ጉረኛ ትሉኛላችሁ፤ በሉኝ፣ እለያለሁ።

ልጆቹ ሁሉ «አክስቴ» ይሉኛል። ይህን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገብቶ አክስቴ ሲለኝ ሌሎቹ ሰምተው ተከተሉት። አርባ አፍ አክስቴ ይለኛል፣ ሥጋዬ ግን አንዱ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ አንዴ ከተነሳ ስለማይያዝ ጓደኞቹ «ጥይት» ብለው አወጡለት። እህቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችው፣ ስትምልም በእሱ ነው። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶታል፤ ዘንድሮ ወደ ዋናው ቡድን ካልወጣ እንደሚሰናበት እሷም፣ እሱም፣ እኔም እናውቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት ነው። የልጆቹ ልብ ይመርመር ተባለና አንድ ዝምተኛ ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ መጣ። ልጆቹ ደረታቸውን ገልጠው በየተራ ይተኛሉ፣ ሽቦ ይለጠፍባቸዋል፣ መሣሪያው ረጅም ወረቀት እያንጫጫ ያወጣል። ሰውዬው ስም አልጠየቀም። የእያንዳንዱን ቁጥር በማይለቅ ቀለም ክንዱ ላይ ጻፈበት፣ ያንኑ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ደገመው። እኔ አንሶላ እያቀበልኩ እቀልድባቸው ነበር። ልብ የሌለው ካለ ዛሬ ይለያል አልኳቸው፣ ሁሉም ሳቁ። ጥይት አልሳቀም። እኔም ልብ አላልኩም።

በማግስቱ ጥይት እጥበት ክፍል መጣና ዘጠኝ ቁጥርን ስጪኝ አለኝ። ያን ጊዜ እሱ አሥራ አራት ነበር። ቁጥር የሚቀየረው የውድድር ዓመቱ ሲጀመር ብቻ ነው፤ ይህን ሕግ ለአዲስ ገቢዎች እየደጋገምኩ የማስተምረው እኔው ነኝ። ግን አጥቂ ነኝ፣ ዘጠኝ ለብሼ ባያዩኝ ማን ያስታውሰኛል እያለ ሲለማመጠኝ አላስችል አለኝ። ዘጠኝ የአልጋ ጎረቤቱ የሸረሪት ነበር። ሸረሪት ክንዱም እግሩም ረጅም፣ ሳቂታ፣ ለራሱ ነገር ግድ የሌለው ልጅ ነው። ስጠይቀው ቁጥር እኮ ጎል አያገባም ብሎ ማሊያውን አውልቆ እጄ ላይ ጣለልኝ። አሰልጣኙም የሚጫወተው ልጁ እንጂ ማሊያው አይደለም፣ እንደፈለግሽ አለኝ።

እኔ ደግሞ ሥርዓት እወዳለሁ። የአልጋውን መለያ ቀየርኩ፣ የጫማውን መለያ ቀየርኩ፣ አዲስ የስም ዝርዝር በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዝርዝር አይኖርም ብዬ አሮጌውን ራሴ ቀድጄ ጣልኩት። ኩራቴ ያን ቀን የሠራውን ሥራ ጠላትም አይሠራው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። ማሊያ ብዙ ይናገራል። የተንሸራተተ ልጅ ጎኑ ላይ ሣር ይዞ ይመጣል፣ የተጣላ ልጅ አንገትጌው ይላላል። የዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ግን ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ግራ ደረቱ ላይ ተጨማዶ ይመጣ ነበር፣ አንድ ሰው በጭብጡ ጨምቆ እንደያዘው። ጥይትን ስጠይቀው ልማድ ነው አለኝ። ልምምድ ሲያልቅ ከሌሎቹ ጋር መሄዱን ትቶ የእጥበት ክፍሉ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ከንፈሩ አመድ ይመስላል፣ ደክሞኝ ነው ይለኛል። እኔም የዋናው ቡድን አሰልጣኝ ልጆቹን ሊያይ የሚመጣበት የቅዳሜ ጨዋታ ስለተቃረበ ነው ብዬ ውሃ እሰጠዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ሸረሪት ትጥቁን ሊያስረክብ መጣ። ልቡ ችግር አለበት፣ በሚቀጥለው ወር እንደገና እስኪመረመር ቤቱ ይቀመጥ ተብሎ ነበር። ማሊያውን አጣጥፎ ሰጠኝ፤ ያ ልጅ በሕይወቱ ልብስ አጣጥፎ አያውቅም።

«አክስቴ፣ ልብ ሲታመም ለባለቤቱ ይታወቀዋል እንዴ?» አለኝ።

አይዞህ አልኩት። ቦርሳውን እስከ በሩ የተሸከመለት ጥይት ነበር። ሸኝቶት ሲመለስ በመስኮት አየሁት፤ ይሮጥ ነበር።

አርብ ጠዋት ወጌሻው መጡ። ወጌሻ እንላቸዋለን እንጂ ሥራቸው ማሸትና ማሰር ብቻ አይደለም፣ የልጆቹን የጤና ጉዳይ በሙሉ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጠንቃቃም ናቸው። እኔ በዚያ ሰዓት ሳምንት ሙሉ ወደ ጎን ያቆየሁትን አንድ አንሶላ በረኪና ውስጥ ልነክር ይዤዋለሁ። ከጥይት አልጋ የመጣ ነው፣ ጥቁር ቀለም ነክቶት በተራ ሳሙና እምቢ ብሎኝ ነበር።

ወጌሻው አሥራ አራት ቁጥር ማሊያ ከዛሬ ጀምሮ ከመደርደሪያው እንዳይወጣ አሉኝ። ለምን ስላቸው ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡልኝ። አሥራ አራት ቁጥር ከማንኛውም እንቅስቃሴ በአስቸኳይ ይታገድ ይላል። ስም የለበትም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሰማሁት ሸረሪት ታመመ ሲባል እንጂ ቁጥር አልነበረም። ቁጥሩን በስም የተረጎመው ጽሕፈት ቤቱ ነው፣ የተረጎመውም በእኔ ዝርዝር ነው።

ወጌሻው ሲወጡ አንሶላውን ወደ ብርሃን ዘረጋሁት። ቀለሙ የተገለበጠ አሥራ አራት ነበር፣ በምርመራው ቀን ክንዱ ላይ ከተጻፈው የታተመ። አንሶላውን ጠቅልዬ ብብቴ ስር ያዝኩ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ይህን ለመፍራት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።

ጥይት መኝታ ክፍሉ ውስጥ ጫማውን ሲወለውል አገኘሁት። አንሶላውን ጭኑ ላይ ጣልኩለት።

«ይሄ የማን ቁጥር ነው?»

አየውና መልሶ ጫማው ላይ አቀረቀረ። «አክስቴ፣ ሰውዬው የሁሉንም ወረቀት አንዴ ነው ያወጣው። የኔን ሁለቴ አወጣው።»

«ዘጠኝን የለመንከኝ አውቀህ ነው?»

«እሱ የጻፈው ቁጥር ነው። ስሜን መች ጠየቀኝ?»

«ሸረሪትስ?»

«እሱ ምን ይሆናል፣ ጤነኛ ነው። በሚቀጥለው ወር አይተውት ምንም የለብህም ብለው ይመልሱታል።» ድምፁ የተረጋጋ ነበር፣ ሲያሰላው እንደከረመ ያስታውቅ ነበር። «ነገ ብቻ አጫውቺኝ። የዋናው ቡድን አሰልጣኝ የሚመጣው ነገ ብቻ ነው። ከዚያ ራሴ እናገራለሁ።»

«ሜዳ ላይ ብትወድቅስ?»

«እስካሁን ወደቅኩ?»

አንጀቴን በላው። አንጀቴን መብላቱ ደግሞ አናደደኝ፤ ጓደኛውን በቁሙ አሳምሞ እንዲህ ተረጋግቶ ሲያወራ በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ግን እጁን አየሁት። አብረቅርቆ ያለቀውን ጫማ ያንኑ ቦታ እየደጋገመ ይወለውል ነበር።

ያን ከሰዓት ለወጌሻው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እህቴ ደውላ ነገ ፊት ለፊት መቀመጫ ይዤ ልጄን አየዋለሁ ስትለኝ ነይ አልኳት። ዝርዝሩን ማን ቀየረ ሲባል ምን እላለሁ፣ እንጀራዬስ ብዬ ለራሴም ፈራሁ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ማሊያዎቹን መልበሻ ክፍል ውስጥ በየመስቀያው ስሰቅል እጄ ዘጠኝ ላይ ደረሰ። ግራ ደረቱ ላይ የተጨማደደውን ትናንት ተኩሼዋለሁ፣ አሁንም መስመሩ አልጠፋም ነበር። ማሊያውን ይዤ ወደ እጥበት ክፍል ተመለስኩና ውሃ ውስጥ ዘፈቅኩት። በጥይት መስቀያ ላይ አሥራ አራትን ሰቀልኩ።

ልጆቹ እየተንጫጩ ገቡ። ጥይት መስቀያው ፊት ሲደርስ ቆመ። ካናቴራውን አውልቆ ነበር። አልነካውም፣ ዞሮም አላየኝም። አሰልጣኙ ዘጠኝ የት ገባ ብሎ ጠየቀ። ነክሬዋለሁ አልኩት። በጨዋታ ቀን ነው የምትነክሪው ብሎ ተቆጣ፣ ከዚያ ለጥይት ያገኘኸውን ልበስና ውጣ አለው። ጥይት ግን እንደቆመ ቀረ። ከጎኑ ቆሜ የጎድን አጥንቱን አየው ነበር። በግራ በኩል ቆዳው ስር አንድ ነገር ሁለት ሦስቴ ተጣድፎ ይመታል፣ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይመታል። እንዲህ ቀርቤ ደረቱን አይቼው አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ልብሱን ነው።

ወጌሻው በሩ ላይ ደርሰው ማሊያውን አዩት። «እህቴ፣ ይሄ ቁጥር አይውጣ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል» አልኳቸው። «ባለቤቱ ይኸውልዎት። ባለፈው ሳምንት ሰኞ የተመረመረው አሥራ አራት እሱ ነው። ቁጥሩን ከምርመራው በኋላ የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

ጥይት ዞሮ ያየኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም፤ ንዴት ቢሆን በቀለለኝ። ወጌሻው አስቀመጡት፣ የእጁን አንጓ ያዙ፣ ሰዓታቸውን እያዩ ከንፈራቸው በቁጥር መንቀሳቀስ ጀመረ። አቆሙ። እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ደግሞ አቆሙ። በሦስተኛው ሰዓታቸውን ወደ እጅጌያቸው መለሱና ልጁ በገዛ እግሩ አንድ እርምጃ እንዳይራመድ፣ መኪና ይጠራ አሉ። አሰልጣኙ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ መኪና ሊጠራ ወጣ።

መኪናው እስኪመጣ አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው ወደ እኔ ክፍል አመጡት፣ ጸጥታ ያለው እዚያ ስለሆነ። ወጌሻው በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ይጠብቃሉ። ጨዋታው ተጀመረ፣ ጩኸቱ በመስኮቱ ይገባል። እህቴ እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጣ ዘጠኝ ቁጥርን ትፈልጋለች። ሰው ልኬባት ነበር፣ ገና አልደረሰላትም።

ጥይት አያናግረኝም። እኔም አላባበልኩትም። ሌላ የማናግረው ልጅ ነበረኝ። ስልኬን አውጥቼ ሸረሪት ቤት ደወልኩ፣ እጄ እርጥብ ስለነበር ስልኩን የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ያነሳችው እናቱ ናት። ከመጣ ጀምሮ ደረጃ አይወጣም፣ ታናሽ እህቱን እንኳ አያነሳም፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲቆጥር ይውላል አለችኝ። ስልኩን ሰጠችው።

«አክስቴ» አለኝ። «ዛሬ ሰባ ሁለት ነው። ትናንት ሰባ ነበር። እየባሰብኝ ነው መሰለኝ።»

አለቀስኩ። ልጄ፣ ልብህ ደህና ነው፣ ምንም የለብህም፣ ወረቀቱ ያንተ አይደለም፣ ቁጥሩን አዛብቼ ያስባረርኩህ እኔ ነኝ አልኩት። ይደሰታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን አልተደሰተም። እሱና ጥይት አልጋ ለአልጋ አራት ዓመት የተኙ ልጆች ናቸው። ጥያቄውን ሲጠይቀኝ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ታዲያ አሥራ አራት ቁጥር ማነው?»

ወደ ጥይት ዞርኩ። ጥይት ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ዘረጋና ስልኩን ወደ ራሱ ሳበው።

«እኔ ነኝ» አለው። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፣ ማን እንዳገባ ቀና ብሎ አላየም። «ሰባ ሁለት ጥሩ ነው፣ አትፍራ። የኔን ወጌሻው መቁጠር አቅቷቸዋል።»