ወደ ግራ የዞረው ሞሰብ

«ወስፌሽ ዛሬ ዛገ፣ ስንደዶሽ ደረቀ፤
ያ ባለሙያ እጅሽ አፈር ላይ ወደቀ!»

አልቃሿ ዓይናዲስ ሞሰቡን ከራሷ በላይ አንስታ ስታወዛውዘው፣ በድንኳኑ ያሉት ሴቶች «ወዬ! ወዬ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ከፋለ ግን ሸራው በሚያፈስበት ጥግ ተቀምጦ ጎረቤት ያመጣውን ቅቅል ድንች ይልጣል።

«የማን እጅ ነው ባለሙያ?» አለ፣ ድንቹን የሚያናግር ይመስል።

አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ምን አልክ ልጄ?»

«ጨው የለውም አልኩ፣ አባባ።»

የሞተችው ይማርሽ ናት፤ የአባቱ ሚስት፣ እሱን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እንጀራ እናቱ። የ1998 ፍልሰታ በገባ በአምስተኛው ቀን ሞተች፤ በዚያው ቀን ተቀበረች። ከፋለ በማግስቱ በእህል መኪና ጭነት ላይ ተቀምጦ ከጋሸና ሲደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። አልቆጨውም። የመጣው ለእሷ አልነበረማ። የመጣው ለስፌቶቹ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ተክለ ሚካኤል፣ የይማርሽ የገዛ ልጅ፣ ላሊበላ ከተማ ፈረንጅ የሚያስጎበኝ ሰው ሆኗል። አፉ እንደ ቅቤ ነው። አንድ ሆቴል የሟችን ስፌቶች በአዳራሹ ሊሰቅል፣ ከሥራቸውም «የወይዘሮ ይማርሽ የእጅ ሥራ» ብሎ ሊጽፍ ገና ሳትሞት ከእሱ ጋር ተስማምቷል፤ ወሬው ጋሸና ድረስ ደርሷል። ነገ፣ በሠልስቱ፣ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል። ከፋለ ደግሞ ነገ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ «የሰፋኋቸው እኔ ነኝ» ሊል ነው የመጣው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያኝካት የኖረ ቃል ናት፤ አልዋጥ ብላው ቀርታለች።

ከፋለ ግራኝ ነው። ልጅ ሳለ አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ግራ እጁን በጠፍር ከወገቡ ጋር ያስሩበት ነበር። «በግራው ይቁረስ? በግራው ያማትብ? ነገ ደግሞ በግራው ጽና ይዞ ሊያጥን?» ይሉ ነበር ለጠየቃቸው ሁሉ። ዳዊት እንዲማር የተላከው ታናሹ ሆነ። ለከፋለ የተረፈው የበሬ ጭራ ነው።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ በር ዘግቶ ቤተሰቡን በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይሰበስበዋል። ድንቹ ከረመጡ ሥር ይቀበራል፤ ጎመኑ ያለ ዘይት በሸክላ ድስት ይንተከተካል፤ ከጣሪያው ጥቀርሻ የተቀላቀለበት ጠብታ አልፎ አልፎ ድስቱ ውስጥ ጠብ ይላል። ተክለ ሚካኤል በሩ ሥር ተቀምጦ ዳዊቱን ያነበንባል። ይማርሽ ስንደዶዋን ውሃ ነክራ ትሰፋለች። አንድ ቀን አባትየው ለማኅሌት ወጥተው ሳለ ከፋለ ጠፍሩን ፈታና ከጀርባዋ ተቀምጦ፣ ከስንደዶዋ እየሰረቀ፣ የሰፌድ እምብርት ጀመረ። ዞር ብላ አየችው። በጥፊ ትለኛለች ብሎ ጆሮውን ሸፈነ። እሷ ግን የጀመረውን ነጠቀችና ገለባብጣ አየችው።

«በየትኛው እጅህ ነው?»

«በዚህ።»

«ላልቶብሃል። ፍታው።»

ከዚያ ወዲያ ጓዳ አስቀመጠችው። «አባትህ ሲያስሉ ከሰማህ ከገንቦው ኋላ ደብቀው» አለችው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሰፋ፣ ፈታ፣ እንደገና ሰፋ። ሲሳሳት በወስፌው እጀታ ጣቱን ትኮረኩመዋለች። ሲያምርለት ምንም አትልም፤ አንድ ትኩስ ድንች ወደ ጓዳው ታንከባልልለታለች፣ ለውሻ እንደሚጣል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ባለ ክዳን ሞሰብ ጨረሰ። ይማርሽ ቅዳሜ ገበያ ይዛው ወጣች። ማን ሰፋው ሲሏት «እኔ» አለች።

ስሟ እንዲህ ገነነ። በ1987 የሴቶች ማኅበር ሸለማት። አበባ አጠለቁላት፣ ፎቶ አነሷት፣ ከወረዳ የመጣው ሰው «ለሴቶቻችን ምሳሌ» ብሎ አጨበጨበላት። ከፋለ ከሕዝቡ መሀል ቆሞ ጃንጥላዋን ይዞላት ነበር። ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ቤት ሲገቡ «ንገሪያቸው» አላት።

«ምን ብዬ? ጎረምሳው ልጄ ወስፌ ይዞ ጓዳ ይውላል ብዬ? ልጁን የሚድርልህ ማን ነው ከዚያ በኋላ?»

«ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?»

ጎመኑን አማሰለች። «ለሁለታችንም» አለች፣ ቀና ሳትል።

በማግስቱ ጋሸና ሄደና ከመኪና ላይ ከረጢት የሚያወርድ ወዛደር ሆነ። ወስፌ ዳግመኛ በእጁ አልነካም። ሚስትም አላገባም፤ ወስፌውን ደብቀውለትም ቢሆን የዳረው የለም።

በሠልስቱ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ጢም አለ። ስፌቶቹ መሀል ላይ ተደርድረዋል። ከፋለ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«አባ ገብረ ዮሐንስ፣ ይፍቀዱልኝ» አለ የሟችን የንስሐ አባት። «አንድ ነገር አለኝ።»

«ተናገር ልጄ።»

«እነዚህን የሰፋሁ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «ጡትም አጥብተህ ይሆናላ!» ሲል ለቅሶኛው በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ።

«ሳቁ። መሐላ አልምልላችሁም፤ ዙሩን እዩ። ቀኝ እጅ ሲሰፋ ስፌቱ ከእምብርቱ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይዞራል። ይኼ ወደ ግራ ነው የዞረው። እስቲ በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ግራኝ ጥሩልኝ!»

ሴቶቹ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዙሩን ተከተሉት። «እውነቱን ነው እቴ!» አለች አንዷ። «ወደ ግራ ነው!» ከፋለ ቁመቱ አንድ ክንድ የጨመረ መሰለው።

ተክለ ሚካኤል አልተቆጣም። በለቅሶ በተዘጋ ድምፁ፣ ለፈረንጅ እንደሚያስረዳው ቀስ ብሎ፣ «አያ ከፋለ፣ እናቴ አፈሯ እንኳ አልደረቀም» አለና ከጓዳ ሁለት ስፌት ይዞ ወጣ። «ይችን ሙዳይ ካቻምና ለልጄ ክርስትና ሰፋችልኝ። ይችን ሌማት አምና። ዙራቸውን ንገረና።»

ከፋለ አየ። ወደ ግራ። ሁለቱም ወደ ግራ።

«አንተ ጋሸና ከረጢት ስትሸከም እነዚህን ማን ሰፋቸው? መልአክ?»

«የሙት ሌባ!» ጮኸች ዓይናዲስ። ሌላው ተቀበላት፤ «ወትሮም ግራኝ!» «እግዜር ይይልህ!» ከፋለ አሥራ አንድ ዓመት የያዘው ማስረጃ ከእጁ ላይ ተነጠቀ። ሞታም ቀደመችው።

ይኼኔ ከይማርሽ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት አሮጊት፣ እትዬ ገለቴ፣ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ።

«ዝም በሉ እናንተ! ይማርሽ ግራኝ አልነበረችም። የፊተኞቹን የሰፋ ይኸው ልጅ ነው። ጓዳ ሆኖ ሲሰፋ በግድግዳው ሽንቁር ስንት ክረምት አይቸዋለሁ።»

«የኋለኞቹንስ?» አለ ተክለ ሚካኤል።

«የኋለኞቹን እሷ። እሱ ከሄደ በኋላ በቀኟ ሰፍታ ገበያ ብታወጣ፣ ‹ይኼ የይማርሽ አይደለም፣ ዙሩ ተገልብጧል› አሏት ነጋዴዎቹ። ከዚያ ቤቷን ዘግታ በግራዋ ተማረች። ሁለት ክረምት ፈጀባት፤ ጣቷን እየወጋች፣ እየተራገመች። የሚበላ እንኳ ለማብሰል ጣት አጥታ ድንች እኔ ነበርኩ የማቀብላት።»

«ስርቆቷን ልትሸፍን ነዋ!» አለ ከፋለ።

«ይሆናል። ምን አስለፋሽ ብዬ ጠየቅኋት። ‹አንች ጎመንሽ እንዳያርርብሽ› አለችኝ። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም ለሞተ ሰው ቃል አልፈጥርለትም።»

አባ ገብረ ዮሐንስ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲህ እውነቱ ወጣ። ተክለ ሚካኤል፣ ስትሰማ ነው። ከፋለ፣ መኪናው ሲመጣ በማን ስም ይጻፍ? ያንተ ይባል?»

የፈለገው ይኼንኑ ነበር። ድንኳኑ ሁሉ አፉን እያየ ነው። ከፋለ ግን የአምናዋን ሌማት በጀርባዋ ገልብጦ በአውራ ጣቱ እየዳሰሳት ነበር። ስፌቷ አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ አንዱ ጋ ይላላል። ከየስፌቱ አጠገብ ባዶ የወስፌ ቀዳዳ አለ፤ ተሰፍቶ የተፈታ፣ ዳግመኛ ተሰፍቶ ዳግመኛ የተፈታ። ከአሥር ዓመት ልምድ በኋላ እንኳ ያ እጅ አልቀናትም። አጠገቧ ሆኖ የሚኮረኩማት አልነበረም። እሱን «ላልቶብሃል፣ ፍታው» ትለው እንደነበረው፣ ራሷን «ፍችው» እያለች እንደሰፋች የሚያውቀው ከፋለ ብቻ ነው። ንዴቱን ፈለገው፤ ነበር፣ ግን የሚቀመጥበት ቦታ አጥቶ ደረቱ ላይ ቆሟል።

«የእኔዎቹን ውሰዱ» አለ በመጨረሻ። «የፈቀዳችሁትን ስም ጻፉባቸው። ይችን ግን አልሰጥም።»

«ያችማ የተንጋደደች ናት» አለ ተክለ ሚካኤል። «ሆቴሉም አይፈልጋት።»

«እንኳን አልፈለጋት! ዝም በል አሁን።»

ከበሩ ውጭ «ወዬ! ወዬ እቴ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ከገነተ ማርያም በኩል ሲገሰግሱ ያደሩ ለቅሶኞች በዝናብ ርሰው ደርሰዋል። ተክለ ሚካኤል ሊቀበላቸው ሲነሣ ከፋለ በትከሻው ገፋ አድርጎ ቀደመው። ሌማቷን ለእትዬ ገለቴ አስታቀፋቸው። እስካሁን እንደ እንግዳ ተከናንቦት የቆየውን ጋቢ ከራሱ ላይ አወረደ፤ የሟች ልጆች እንደሚያደርጉት ደረቱ ላይ አዙሮ አደገደገ፤ ጫፉን በግራ እጁ ጨብጦ ወደ ዝናቡ ወጣ።