ያልተጠሩት አርባ አንድ ሰዎች

ሲስተር ቡዜ የካርድ ክምር ታቅፋ የፋኢዛን ቢሮ በር በክርኗ ገፋችው።

"ዛሬም ወንበሩ ባዶ ነው" አለች። "ለዓይን ክፍል የተቀጠሩት ሰባት ነበሩ፤ የመጡት ሦስት ናቸው። ትናንትም እንደዚሁ። ለመሆኑ መልእክቱ ይሄድላቸዋል?"

"ይሄዳል። በየቀኑ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይሄዳል።"

"እስቲ ለማንኛውም እዪው፣ የኔ እናት።"

ፋኢዛ ካፖርቷን ገና አላወለቀችም። ከኮምቦልቻ ስትሳፈር ሞቆ ነበር፤ ደሴ ስትደርስ ግን ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሞልቶታል። ሚኒባሱ ውስጥ ለመተኛት ሞክራ አልሆነላትም። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ እሷ ብቻ ናት። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም፣ የላቦራቶሪው መስመር ሲቋረጥም የሚጠራው የእሷ ስም ነው።

የቀጠሮ መልእክቱን የሠራችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከቢስቲማና ከደጋን የሚመጡ ሰዎች ሐኪሙ በሌለበት ቀን እየደረሱ ሲመለሱ አይታ፣ ከቀጠሮው ሁለት ቀን አስቀድሞ ስልካቸው ላይ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ጻፈች። ሰዎቹም "መልእክት ሳይደርሳችሁ አትምጡ" ተባሉ። ለመዱት።

ኢሜይሏን ከፈተች። ሰርቨሩ፣ የሆስፒታሉ ዋና ኮምፒውተር፣ በራሱ ሰዓት የሚሠራቸው ብዙ ሥራዎች ነበሩት፤ መረጃ ይገለብጣል፣ ውጤት ያስተላልፋል፣ መልእክት ይልካል። አንዱን በጨረሰ ቁጥር ይጽፍላታል። ሲሳካለትም ይጽፋል፣ ሳይሳካለትም ይጽፋል፤ የሁሉም ርዕስ "የሥራ ሪፖርት" የሚል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም ታነብ ነበር። ኋላ ሲበዛባት በቀጥታ ወደ ሌላ ማህደር እንዲገባ አደረገችው። ያን ማህደር ስትከፍት ከዘጠኝ ሺህ በላይ ያልተነበበ ደብዳቤ ጠበቃት።

የጠዋቱን አንድ ሰዓት ደብዳቤዎች ብቻ ለይታ ወደ ኋላ ሄደች። የመልእክት መላኪያው የይለፍ ቃል ጊዜው አልፎበታል። ማደስ የነበረባት እሷ ናት። ማሽኑ በየቀኑ ነግሯታል፤ ከብዙ መስመር በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ "አልተላከም" ይላል። አሥራ አንድ ቀን።

"ስንት ሰው ነው?" አለች ሲስተር ቡዜ።

ፋኢዛ ዝርዝሩን አወጣች። ቀኑን ራሳቸው አስታውሰው የመጡትን ስትቀንስ አርባ አንድ ሰው ቀረ።

የዓይን ሐኪሙ፣ የሆስፒታሉም ኃላፊ የሆነው ዶክተር ኪዳኑ ቆሞ ሰማት። "ዛሬውኑ ደውሉላቸው" አለ። "ኔትወርክ ነበር በሏቸው። በዚህ አገር ማን ይጠይቃል?"

"እሺ፣ ዶክተር።"

ዝርዝሩን ከሲስተር ቡዜ ጋር ለሁለት ተካፈሉት። እውነትም ማንም አልጠየቀም። "ኔትወርክ ነበር" ስትላቸው "እኛም ጋ እንዲሁ ነው" ይሏታል። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም "እናንተም ተቸገራችሁ" ብለው አዘኑላት። ፋኢዛ ስልኩን ዘግታ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ቀና ብላ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች።

አሥራ አራተኛው በቢስቲማ አጠገብ የሚኖሩ ዘካሪያ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። የዓይን ግፊት ሕመምተኛ ናቸው፤ ጠብታ ለአንድ ቀን እንኳ ማቋረጥ የለባቸውም። ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ጣይባ ናት።

"ጠብታው ካለቀ ዘጠኝ ቀኑ ነው" አለች። "እንሂድ ስለው 'ሳይጠሩኝ አልሄድም' አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ግራ ዓይኑ ጭጋግ ሆኖበታል። ቆይ፣ እሱን ላቅርብልሽ።"

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ ሽማግሌው።

"ወአለይኩሙ ሰላም፣ አባባ። ከሆስፒታል ነው።"

"አልሃምዱሊላህ፣ ጠራችሁኝ። እኔማ ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ለጎረቤት ሰጥቼ አስፈተሽኩት፤ ደህና ነው አለኝ። ኔትወርክ ነው አይደል፣ ልጄ?"

መልሱን ራሳቸው አቀበሏት። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ሲስተር ቡዜ በወዲያኛው ጠረጴዛ ከሌላ ሰው ጋር እያወራች ነው።

"አይደለም፣ አባባ" አለች ፋኢዛ። "ኔትወርክ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማሽኑ በየቀኑ ይነግረኝ ነበር፤ አላነበብኩትም።"

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉ ሽማግሌው። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። "ዓይኔስ ይመለስልኛል?"

"አላውቅም። ዛሬውኑ ይምጡ። ሐኪሙ እስኪደርሱ ይቆይዎታል።"

ከዚያ በኋላ ለደወለችላቸው ሁሉ እውነቱን ነገረቻቸው። አንዱ ሰደባት። ሌላው ሳይሰናበታት ዘጋባት።

ዘካሪያ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው የደረሱት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዶክተር ኪዳኑ ረጅም ጊዜ መረመራቸው። እሳቸው ወጥተው ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ሲሰለፉ ፋኢዛን ወደ ጥግ ጠራት።

"ከግራው የጠፋው አይመለስም" አለ። "የቀረውን እናቆያለን። እውነቱን ነግረሻቸዋል አይደል?"

"አዎ።"

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸና ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ቢሮዋ ገብታ የይለፍ ቃሉን አደሰችና ሥራ ጀመረች። የተሳካ ሥራ ሁሉ ደብዳቤ መላኩን እንዲያቆም አደረገች። ላልተሳካው አዲስ ርዕስ ጻፈችለት፦ "የቀጠሮ መልእክት አልሄደም፤ ያልተጠሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው።" ከሥሩ ስማቸውና ስልካቸው እንዲዘረዘር፣ ደብዳቤውም ለእሷና ለሲስተር ቡዜ እንዲደርስ አዘዘች። ሆን ብላ የተሳሳተ የይለፍ ቃል አስገብታ ሞከረችው። የሲስተር ቡዜ ስልክ ድምፅ አሰማ፤ ፋኢዛም ትክክለኛውን የይለፍ ቃል መለሰች።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሲስተር ቡዜ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። "ይሄስ ለእኔም ይገባኛል" አለች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። "ማሽኑ ራሱ ቢሞትስ? ያን ጊዜ ማን ይጽፍልናል?"

ፋኢዛ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ዝም ያለ ማሽን ደህና ይሁን የሞተ በምን ይታወቃል? የመጨረሻዎቹ ሚኒባሶች ሳይሄዱ መውጣት ነበረባት፤ ጀርባዋም ዝሏል። የሕመምተኞችን መዝገብ ከፈተችና አዲስ ካርድ አወጣች። በስም ቦታ የራሷን ስም፣ በስልክ ቦታ የራሷን ቁጥር ጻፈች።

"ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?"

"አላመመኝም። በየቀኑ እኔም እጠራለሁ" አለች ፋኢዛ። "ጠዋት በአንድ ሰዓት መልእክት ካልመጣልኝ ማንም አልተጠራም ማለት ነው።"

"እሁድም?"

"እሁድም።"

የቀጠሮው ቀን በሚለው ቦታ "በየቀኑ" የሚለውን መረጠች። ማሽኑ የቀጠሮውን ምክንያት ካልሞላች አልመዘግብም አላት። ጥቂት አስባ "ክትትል" ብላ ጻፈችና መዘገበችው።